ዐዋቂነት የስድብ ፈቃድ ነውን?

ምስጋና ሁሉ የሰውን ልጅ የማያውቀውን ላሳወቀው ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም ለዓለማት እዝነት ሆነው በተላኩት በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

በመካከላችን እንደ ቀላል ነገር የምትነገር አንዲት አባባል አለች። ‹‹ምላሱ ክፉ ነው፤ ግን ሥራውን ያውቃል›› ትላለች። ስለ ሐኪሙ እንላታለን፤ ስለ መካኒኩ እንላታለን፤ ስለ ኮምፒዩተር ጠጋኙ እንላታለን፤ አንዳንዴም፣ አላህ ይቅር ይበለንና፣ ስለ ኡስታዙ እንላታለን። በዚህች ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያለችው ‹‹ግን›› ቀላል ቃል አይደለችም። ተሳዳቢውን ነጻ ታወጣለች፤ ተሰዳቢውን ደግሞ አፉን ታስይዛለች። ጥያቄያችን ይህች ‹‹ግን›› በእስልምና ሚዛን ላይ ስትቀመጥ ስንት ትመዝናለች የሚል ነው። መልሱን ከወዲሁ እንናገር፤ ምንም አትመዝንም። እንዲያውም በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሱና ዐዋቂ የሆነ ሰው ስለ ምላሱ የሚጠየቀው ከማያውቀው ይበልጥ ነው።

ከሚዛኑ አጠገብ

ነገሩን ከምናውቀው ኑሮ እንጀምር። ወርቃ በጌዴኦ ዞን፣ በገደብ ወረዳ የምትገኝ የቡና አገር ናት። ቡናዋ በስሟ እየተጠራ ባሕር ማዶ ይሸጣል። በለቀማ ወራት ገበሬው ከነቤተሰቡ ሲለቅም ይውልና አመሻሹ ላይ እሸት ቡናውን ይዞ ወደ መፈልፈያው ጣቢያ ይመጣል። እሸት በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል አለበትና ለነገ ይደር አይባልም። ከሚዛኑ አጠገብ የቆመው ተረካቢ ቀዩን ከአረንጓዴው፣ የበሰለውን ካለፈበት በዓይኑ ይለያል። ይህ ሰው በእርግጥ ዐዋቂ ነው። ያለ ልክ የቦካች አንዲት ፍሬ ስኒውን በሙሉ እንደምታበላሽ ያውቃል። ስለዚህ ጥብቅ መሆኑ የሚደነቅለት እንጂ የሚወቀስበት አይደለም።

እንግዲህ አንድ ሽማግሌ ገበሬ መጡ እንበል። በጆንያቸው ውስጥ አረንጓዴ ፍሬ ተቀላቅሏል። ተረካቢው በፊቱ ሁለት መንገድ አለው። ‹‹አባቴ፣ አረንጓዴው ካልተለቀመ አልቀበልም፤ ያልበሰለ ፍሬ በማሽኑ በደንብ አይፈለፈልም፣ ጣዕሙንም ያበላሸዋል፤ እዚያ ጋ ዘርግተው ይልቀሙትና ይመለሱ›› ሊል ይችላል። ወይም ደግሞ ‹‹አንተ ደንቆሮ! ስንት ዓመት ይነገርሃል? ዞር በል ከዚህ!›› ሊል ይችላል። ልብ በሉ! ፍርዱ በሁለቱም አንድ ነው። በሁለቱም ቡናው አልተወሰደም። ታዲያ ስድቡ በቡናው ጥራት ላይ ምን ጨመረ? አንዳች ነገር አልጨመረም። ጥራቱን የጠበቀው ዕውቀቱ ነው፤ ስድቡ ከዕውቀቱ ጎን ተለጥፎ የመጣ ሌላ ዕቃ ነው።

የሚቀንሰው ነገር ግን ብዙ ነው። የመጀመሪያውን መልስ የሰሙት ሽማግሌ ምክንያቱን ተምረው ይሄዳሉ፤ በነጋታው ለልጆቻቸው ይነግራሉ፤ የተጠራጠሩበት ነገር ሲኖርም ተመልሰው ይጠይቃሉ። ሁለተኛውን መልስ የሰሙት ግን የሚማሩት ሌላ ትምህርት ነው፤ ዐዋቂ ባለበት አለመጠየቅን፣ አረንጓዴውን ከጆንያው ሥር መደበቅን ይማራሉ። በዚህ መንገድ ባለሙያው በገዛ ምላሱ የገዛ ሙያውን ያፈርሳል።

የሙዓዝ ተግሣጽ

ይህ በወርቃ ሚዛን አጠገብ ይሆናል ብለን ያሰብነው ነገር በመዲና መስጂድ ውስጥ በትክክል ሆኗል። ቡኻሪና ሙስሊም ከጃቢር (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት፣ ቀኑን በውኃ ቀጂ ግመሎቹ ሲደክም የዋለ አንድ ሰው ሲመሽ ሙዓዝ ኢብኑ ጀበል (ረ.ዐ.) ሰዎችን ሲያሰግዱ አገኛቸውና ከኋላቸው ቆመ። ሙዓዝ ረጅም ሱራ ጀመሩ። ሰውየው አልቻለም፤ ከሰላቱ ወጥቶ ሄደ። ሙዓዝ ይህን ሲሰሙ ስለ ሰውየው ክፉ ቃል ተናገሩ፤ ሙናፊቅ ነው አሉት። ሰውየውም ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሄዶ ከሰሰ።

አሁን ቆም ብለን እናስብ። ሙዓዝ ማን ናቸው? ከዚህ ኡማ መካከል ሐላልና ሐራምን ይበልጥ ዐዋቂ ተብለው በሐዲሥ የተመሰከረላቸው ሰሐባ ናቸው። ሰውየውስ ማን ነው? ግመል እየነዳ ውኃ የሚቀዳ የጉልበት ሠራተኛ ነው። ‹‹ምላሱ ክፉ ነው፤ ግን ያውቃል›› የምትለዋ ሚዛን እውነት ብትሆን ኖሮ ይህ ጉዳይ ለሙዓዝ በተፈረደ ነበር። ግን የሆነው ተቃራኒው ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሠራተኛውን አልወቀሱም። የወቀሱት ዐዋቂውን ነው፤ ያውም ሰዎችን ከዲናቸው እንደሚያሸሽ ፈታኝ ቆጥረው ተግሣጹን ሦስት ጊዜ ደጋገሙባቸው። አጫጭር ሱራዎችን እንዲያነቡም አዘዟቸው፤ ከኋላቸው ሽማግሌው፣ ደካማውና ጉዳይ ያለው አለና።

ይህ ብቻውን የቆመ ታሪክ አይደለም። የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወት ስንመረምር ለማያውቀው ሰው የነበራቸው ቃልና ለዐዋቂው የነበራቸው ቃል የተለያየ ሆኖ እናገኘዋለን። የገጠሩ ሰው መጥቶ በመስጂድ ውስጥ ሽንቱን ሲሸና ሰሐቦች ተነሡበት። ሰሐቦች በብይኑ ልክ ነበሩ፤ ሽንት ነጃሳ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን እንዲተዉት አዘዙ፤ በቦታው ላይ ውኃ አስደፉበት፤ ከዚያም ሰውየውን ጠርተው መስጂድ ለምን እንደተሠራ በእርጋታ አስረዱት። ሙዓዊያ ኢብኑል ሐከም አስ-ሱለሚ (ረ.ዐ.) በሰላት ላይ እያሉ ባለማወቅ ተናገሩ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሰላቱ በኋላ አስተማሯቸው። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ሙዓዊያ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ከእርሳቸው የተሻለ አስተማሪ እንዳላዩ መስክረዋል፤ አልተቆጧቸውም፣ አልመቷቸውም፣ አልሰደቧቸውምና። በአንጻሩ አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ቀደምትና የተከበሩ ሰሐባ ሆነው ሳለ አንድን ሰው በእናቱ ባነወሩት ጊዜ ገና የጃሂሊያ ጠባይ እንዳለባቸው በግልጽ ተነገራቸው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የዐበሰ ሱራ አለ። የቁረይሽ ታላላቆች በተቀመጡበት ዓይነ ሥውሩ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ.) ሊማር መጥቶ ሲጠይቅ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፊታቸውን አጨፈገጉ። ዓይነ ሥውሩ ያንን ፊት አላየም። አላህ (ሱ.ወ.) ግን በቁርኣን አስመዘገበው፤ እስከ ዕለተ ቂያማ የሚነበብ ወቀሳም ሆነ። ከሰው ሁሉ ይበልጥ ዐዋቂ የሆኑት ላልታየች የፊት መጨፍገግ ከተወቀሱ፣ እኛ በሰው ፊት ለምንወረውረው ስድብ ምን ሰበብ እናቀርባለን?

እንግዲህ የሱናው ሥርዓት ይህ ነው፤ ለስላሳው ቃል ለማያውቀው፣ ጠንካራው ቃል ለሚያውቀው። እኛ ግን ገለበጥነው። ለዐዋቂው ለስላሳ ሆንን፤ ‹‹አመሉ ነው›› እያልን አለፍነው። ለማያውቀው ጠንካራ ሆንን፤ ‹‹ለምን አልተማርክም?›› እያልን አሳፈርነው።

የሚቀርቡት ምክንያቶች

የክፉ ምላስ ጠበቆች ምክንያት አያጡም። ሦስቱን በቅንነት እንመልከት።

አንደኛው ‹‹ሐቅ መራራ ነው›› የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ሐቅ ይመራል። ግን የሚመረው ሐቁ ራሱ ከሆነ እኛ በላዩ ሬት መቀባት ለምን አስፈለገን? አላህ (ሱ.ወ.) ሙሳንና ሃሩንን (ዐ.ሰ.) ወደ ፊርዐውን ሲልካቸው የያዙት ሐቅ ከሐቆች ሁሉ የከበደ ነበር፤ የተላኩበትም ሰው ከሰዎች ሁሉ የከፋ ነበር። ሆኖም ለስላሳ ንግግር እንዲናገሩት ታዘዙ (ሱረቱ ጣሃ 44)። እኛ ከሙሳ አንበልጥም፤ ጠያቂያችንም ከፊርዐውን አይከፋም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ኩራት ሲያስተምሩ ሁለት እግር እንዳለው ነግረውናል፤ አንዱ ሐቅን አለመቀበል፣ ሁለተኛው ሰዎችን መናቅ ነው። ተሳዳቢው ዐዋቂ ‹‹እኔ ለሐቅ ነው የቆምኩት›› እያለ ከመጀመሪያው ነጻ መሆኑን ይነግረናል። በሁለተኛው እግር ግን ቆሞበታል።

ሁለተኛው ምክንያት ከታሪክ የሚጠቀስ ነው። ‹‹ትልቁ የኩፋ የሐዲሥ ሊቅ ሱለይማን አል-አዕመሽ ቁጡ አልነበሩምን? ተማሪዎቻቸው ታግሠው አልተማሩምን?›› ይባላል። በ148 ዓመተ ሒጅራ የሞቱት አል-አዕመሽ ጠባያቸው አስቸጋሪ እንደነበር የታሪክ ጸሐፍት አልደበቁም። ከእኛም አገር ቢሆን ከዳና እስከ ጌታ በወሎ የዕውቀት ቦታዎች ስንት ደረሳ ረኃቡንም የሸይኹን ቁጣም ችሎ ተምሯል። እነዚህን አባቶች አላህ ይዘንላቸው። ነገር ግን ተማሪዎቹ ከአል-አዕመሽ ተቀብለው ያስተላለፉልን ሐዲሡን ነው እንጂ ቁጣውን አይደለም። ያከበሯቸው ቁጣቸውን ወደው ሳይሆን ቁጣቸውን ታግሠው ነው። የታገሠው ተማሪ ስሙ በመዝገብ ሰፍሮልናል፤ ከበሩ ላይ ተሰብሮ የተመለሰውን ግን ማን ቆጠረው? የተማሪ ትዕግሥት ለተማሪው ምስጋና ነው፤ ለመምህሩ ማስረጃ አይሆንም። በ505 ዓመተ ሒጅራ የሞቱት ኢማም አል-ገዛሊም በኢሕያእ መጽሐፋቸው የመምህርን ግዴታዎች ሲዘረዝሩ በመጀመሪያ ያስቀመጡት ለተማሪ እንደ ልጅ ማዘንን ነው። ጥፋቱንም በተቻለ መጠን በዘወርዋራ እንጂ ፊት ለፊት በማዋረድ እንዳይነግረው መክረዋል፤ በገሃድ ማዋረድ የክብርን መጋረጃ ቀድዶ ተማሪውን እንደሚያደፋፍረው አስተውለዋልና።

ሦስተኛው ምክንያት ‹‹ሥራ ይበዛል፤ ያንኑ ጥያቄ በቀን መቶ ጊዜ እንጠየቃለን›› የሚለው ነው። ይህኛው ሰው የሚረዳው ምክንያት ነው። የጤና ባለሙያው ይደክመዋል፤ ተረካቢው በፋኖስና በአምፖል ብርሃን እስከ ሌሊት ይቆማል። ድካም ግን ቃልን ያሳጥራል እንጂ ስድብን አይወልድም። ‹‹አሁን አልችልም፤ ነገ ይምጡ›› አጭር ነው። ‹‹ደንቆሮ›› ከእርሱ አያጥርም። ደግሞስ ያው ደክሞኛል የሚለው ሰው አለቃው ሲመጣ ምላሱ የሚስተካከለው በምን ተአምር ነው? ምላሱን መግታት ይችላል ማለት ነው። የሚመርጠው ሰውን ነው።

‹‹ታዲያ ጣፋጭ አፍ ያለው አላዋቂ ይሻላልን?›› የሚለን ቢኖር አይሻልም እንላለን። አፈ ጮማ ሆኖ ሰውን የሚያሳስት ከተሳዳቢው ያላነሰ አደጋ ነው። አበው ‹‹ከመጠምጠም መማር ይቅደም›› ያሉት ለዚህ ነው። የምንከራከረው ዕውቀት ይቅር ብለን አይደለም። ዕውቀትና አደብ አንዱን ጥሎ ሌላውን ለመምረጥ የቀረቡ ሁለት ዕቃዎች አይደሉም እያልን ነው።

ጥያቄ ሲሞት

አቡ ዳውድ የዘገቡት አንድ አሳዛኝ ታሪክ አለ። ራሱን በድንጋይ የተፈነከተ ሰው በመንገድ ላይ ሳለ ጀናባ ሆነና ተየሙም ይበቃው እንደሆነ ጓደኞቹን ጠየቀ። እነርሱም ሳያውቁ አይበቃህም አሉት። ታጠበ፤ ሞተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሲሰሙ ገዳዮቹ እነርሱ መሆናቸውን ተናገሩ፤ የአለማወቅ መድኃኒቱም መጠየቅ እንደሆነ አስተማሩ። እንግዲህ መጠየቅ መድኃኒት ከሆነ፣ ሰው እንዳይጠይቅ በስድብ የሚያስፈራራው ዐዋቂ ምን እያደረገ ነው? የመድኃኒት ቤቱን በር በውሻ እያስጠበቀ ነው።

ይህ የዲን ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በስፔን ግዛት በቴነሪፍ ደሴት ሁለት ትልልቅ አውሮፕላኖች በጉም ውስጥ መንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። ለመነሣት ከተንደረደረው አውሮፕላን ካፒቴኑ ሌሎችን የሚያሠለጥን፣ በድርጅቱ ውስጥ እጅግ የተከበረ አብራሪ ነበር። የበረራ መሐንዲሱ ሌላኛው አውሮፕላን ከመንገዱ ስለ መውጣቱ ተጠራጥሮ ጠየቀ። ካፒቴኑ በእርግጠኝነት መለሰ፤ መሐንዲሱም ዳግመኛ አልጠየቀም። ካፒቴኑ ሰደበው አልተባለም። ነገር ግን የዐዋቂ ግርማ ብቻውን ጥያቄን ይህን ያህል ካፈነ፣ ስድብ ሲታከልበት ምን ሊሆን ነው? ከዚያ አደጋ በኋላ የዓለም አየር መንገዶች ዝቅተኛው የበረራ ሠራተኛ እንዲናገር፣ ካፒቴኑም እንዲሰማ ማሠልጠን ጀመሩ። እኛ ይህን ከ1400 ዓመታት በፊት ከዓይነ ሥውሩ ሰሐባ ታሪክ ልንማረው ይገባ ነበር።

ዐዋቂውስ ሁሉን ያውቃልን?

ተሳዳቢው ዐዋቂ የሚረሳው ሌላም ነገር አለ። ዕውቀት በአንድ ሰው ደጅ ብቻ አልተከመረም። ታላቁ ነቢይ ሙሳ (ዐ.ሰ.) እርሳቸው የማያውቁትን የሚያውቅ ባሪያ እንዳለ ተነግሯቸው ሊማሩ ረጅም መንገድ ተጉዘዋል።

ወደ ጌዴኦ እንመለስ። የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1971 ታይቶ ማሳውን ባጠቃ ጊዜ የጅማ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋም ዘር ፍለጋ የወጡት ወደ አገሬው ቡና ነው። ዛሬ በጌዴኦ ማሳዎች ጭምር የሚበቅለው 74110 የተባለው ዝርያ የተመረጠው እ.ኤ.አ. በ1974 ከኢሉባቦር፣ ከመቱ አካባቢ ከተገኘ እናት ዛፍ ነው፤ 74 የሚለውም ያንን ዓመት ያመለክታል። የጌዴኦ ገበሬ ደግሞ ተመራማሪ ቁጥር ሳይሰጠው በፊት የራሱን ቡናዎች ኩሩሜ፣ ወሊሾ፣ ደጋ እያለ በስም ይለይ ነበር። ቡናውን ከእንሰቱ፣ እንሰቱን ከዋንዛውና ከብርብራው ጥላ ጋር አስማምቶ በዳገት ላይ አፈሩን ጠብቆ ኖሯል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የመዘገበው የእነዚህን ገበሬዎች ዕውቀት ነው። ታዲያ ከሚዛኑ ፊት ‹‹ደንቆሮ›› የተባሉት ሽማግሌ እኒህ ናቸውን? ተረካቢው ስለ እሸት መቅላት ያውቃል፤ ሽማግሌው ያ እሸት የበቀለበትን ዛፍ ያውቃሉ። አንዱ ሌላውን ቢጠይቅ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ለእኛ ለሙስሊሞች ደግሞ ጉዳዩ እዚህ ላይ አያበቃም። በጌዴኦ ምድር ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ነው፤ ጎረቤቱ በአብዛኛው ፕሮቴስታንት ነው። ሙስሊሙ ነጋዴ፣ ሙስሊሙ መምህር፣ ሙስሊሙ ነርስ ለዚያ ጎረቤት ስለ እስልምና የሚያውቀው ቅርቡ ነገር ናቸው። በመስጂዱም ውስጥ ቢሆን፣ በሥራ ብዛት ሳይማር የጎለመሰ ሰው እጁን የት እንደሚያሳርፍ ባለማወቁ በአንድ ወጣት ዐዋቂ ሲገላመጥ፣ በሚቀጥለው ጁምዓ ቦታው ባዶ ሊሆን ይችላል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አሊ ዒምራን 159 ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የነገራቸው ይህንኑ ነው፤ ክፉና ልበ ደረቅ ቢሆኑ ኖሮ ሰዎቹ ከዙሪያቸው በተበተኑ ነበር። ልብ በሉ! የያዙት ወሕይ ነበር። ወሕይ የያዙትን ትቶ የሚበተን ሕዝብ፣ በአንድ የምስክር ወረቀት ምክንያት እኛን የሚታገሥበት ምን ምክንያት አለ?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ዐዋቂ ወንድሜ ሆይ! ዐዋቂ እኅቴ ሆይ! መለኪያችሁን አታላሉ። የተበላሸውን ተበላሸ፣ የተሳሳተውን ተሳሳተ በሉ። ግን ሥራውን መዝኑ እንጂ ሰውየውን አትመዝኑት፤ የሰው ሚዛን በአላህ እጅ ነው። ከእናንተ በላይ ላለው ሰው የምትጠቀሙበትን ቃል ከእናንተ በታች ላለው ተጠቀሙ።

እናንተ ጠያቂዎችም አደብ አለባችሁ። የዐዋቂን ጊዜ አክብሩ፤ የተነገራችሁን ያዙ፤ ለመማር እንጂ ለመፈተን አትጠይቁ።

የመስጂድ ኮሚቴዎች፣ የማኅበር መሪዎችና የሥራ ኃላፊዎች ሆይ! ኡስታዝ ስታስቀምጡ፣ ባለሙያ ስትቀጥሩ ምን ያህል እንደተማረ ብቻ አትጠይቁ። ያልተማረ ሰው ሲጠይቀው እንዴት እንደሚመልስም ተመልከቱ። ሲሰድብም በጊዜው ገሥጹት፤ ሙዓዝ ተገሥጸዋል። ከዚያ በኋላ እኒያው ሙዓዝ ከአቡ ሙሳ (ረ.ዐ.) ጋር ወደ የመን ሲላኩ እንዲያገሩ እንጂ እንዳያከብዱ፣ እንዲያበሥሩ እንጂ እንዳያሸሹ ታዘው ሄዱ። ተግሣጹ ከዕውቀታቸው አላጎደለባቸውም፤ ለአንድ አገር ሕዝብ መምህር ለመሆን አበቃቸው እንጂ።

እኛ የቀረነው ደግሞ ቢያንስ ያቺን ‹‹ግን›› እንተዋት። ‹‹ሥራውን ያውቃል፤ ግን ምላሱ ክፉ ነው፤ ሊታረም ይገባል›› እንበል። ቃላቱ እነዚያው ናቸው፤ ‹‹ግን›› የምትለዋ ግን ከዐዋቂው ወገን ወጥታ ወደ ተሰዳቢው ወገን ትሻገራለች። ሱናው ያስቀመጣትም እዚያ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ጠቃሚ ዕውቀትን፣ ከዕውቀቱም ጋር መልካም ጠባይን ይስጠን። ከምላሳችን ክፋት ይጠብቀን። አሚን። ወላሁ አዕለም።